ከቪትዝ ከፍ፣ ከላንድ ክሩዘር ዝቅ

ሆሳዕና ላይ መኪና ገዝቶ ግቢው ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ሞተሩ አይደለም። ዋጋውም ቢሆን ከጀርባ፣ ከሌላ ሰው ነው የሚጣራው። ፊት ለፊት የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ሰው ትይዛለች?» የሚል ነው። ሊብሬው አምስት ይላል። ጠያቂዋ አክስት ግን ሊብሬ አይመለከቱም፤ የኋላውን ወንበር ገርመም አድርገው እሳቸው፣ ምራታቸው፣ ሦስት የልጅ ልጆችና አንድ ባልዲ ቅቤ እንዴት እንደሚደላደሉ ያሰላሉ።

ስሌታቸው ቀልድ አይደለም። መስከረም ገብቶ ሀዲያ ለያሆዴ፣ ከምባታ ለመሳላ ሲሰናዳ፣ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ሁሉ ፊቱን ወደ አገር ቤት ያዞራል። በዓለም ገና ይወጣል፤ አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ተሻግሮ በጢያ፣ በቡታጅራና በወራቤ አድርጎ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ሆሳዕና ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ የትኛዋም መኪና ታደርሰዋለች። ጉዳዩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። የእናቱ ቤት ዱራሜ አስፋልት ዳር አይደለም፤ ከሺንሺቾ ወይም ከአንጋጫ ተገንጥሎ በእንሰት ጓሮዎች መሐል የሚገባ ቀይ አፈር መንገድ መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ አገር ቤተሰብ መኪና የሚመርጥለት ይሄ የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው ባይ ነኝ። አስፋልቱ አይመርጥም፤ ሁሉንም ያሳልፋል።

በቅርብ ዓመታት ለዚህ መንገድ መልስ ተደርጋ የቀረበችው ክሮስኦቨር የምትባለው መኪና ናት። ደላላው ከፍ ያለውን ሁሉ በጅምላ «ኤስ ዩ ቪ» ይላል። የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ከፍ ያለችው መኪና» ይላታል፤ ለእውነቱ የሚቀርበውም ይሄ አጠራር ነው። ክሮስኦቨር በትውልዷ የቤት መኪና ናት፤ ልዩነቷ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላ መቆሟ ነው።

ከላንድ ክሩዘርና ከሃይሉክስ የምትለየው በአጥንቷ ነው። እነዚያ ሻንሲ አላቸው፤ ሁለት ወፋፍራም ረጃጅም ብረቶች በመስቀለኛ ብረት ተያይዘው ሞተሩንና ጎማውን ይሸከማሉ፤ አካሉ ከላይ ተቀምጦ በብሎን ይታሰራል። ጭነትና ጉድጓድ ሲበረታ ሥቃዩን የሚቀበለው ሻንሲው ነው። ክሮስኦቨር ግን እንደ ኮሮላና እንደ ቪትዝ ሻንሲ የላትም። ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይዶ አንድ ቅርፊት ይሆናል፤ ጥንካሬውም ከቅርፊቱ ነው የሚመጣው። በዚህም ቀላል ትሆናለች፣ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ተሳፋሪ አታንገላታም። ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዋጋውም አለው፦ ስድስት ኩንታል ጭኖ አቀበት መግፋት የእሷ ሥራ አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የላዳ ታክሲዎቻችን ፋብሪካ ገና እ.ኤ.አ. በ1977 ሻንሲ የሌላትን፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱላትን ኒቫን ሠርቶ ነበር። ዓለም ሁሉ እንዲከተል ያደረገችው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣችው የቶዮታ ራቭ 4 ናት። ስም ሰምቶ መግዛት ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣችው የሱዙኪ ቪታራ ሻንሲ የነበራት ጠንካራ የገጠር መኪና ነበረች፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሸጠው ቪታራ ደግሞ ሻንሲ የሌለው ክሮስኦቨር ነው። ስሙ ያው ቪታራ ነው፤ አባትየው በገባበት ሁሉ ልጅየው ይገባል ማለት ግን አይደለም።

ስለ ጉልበት ሲነሳ ከፍታችን መረሳት የለበትም። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ የሐምበሪቾ ተራራ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ አየር ከሳሳ ነዳጁ የሚቃጠልበት ኦክስጅን ያንሳል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየመቶ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ያህል ያጣል ተብሎ ይሰላል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈው ሆሳዕና ሲደርስ ወደ 80 ወረደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ መኪናዬ አቀበት እምቢ አለችኝ ብዬ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት አዳመጠና «ጋሼ፣ መኪናዋ ደህና ናት። ያጠራት አየር ነው» ብሎ ኮፈኑን ዘጋው። ገንዘብም አልተቀበለኝም። ስለዚህ ከፍ ያለ አካል በ1.0 ወይም በ1.2 ሊትር ሞተር ላይ የተጫነባትን ትንሽ ክሮስኦቨር ለከተማ ካልሆነ በቀር አልመክርም። አምስት ሰው ይዞ የዶዮገናን ዳገት ለሚወጣ 1.5 ሊትር መነሻው ነው፤ 1.6 ወይም 2.0 ቢሆን ደግሞ ሾፌሩም ሞተሩም ያርፋሉ።

አሁን ወደ ከፍታዋ እንምጣ፤ ሰው የሚገዛትም ለዚሁ ነው። እንደ ቪትዝ ያለች መኪና ሆዷ ከመሬት 14 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው። አዲሱ ቪታራ 18.5 ይደርሳል። ቶዮታ ረሽ ደግሞ 22 አላት፤ ሰባት መቀመጫም ስላላት የአክስትን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት (በአሠራሯ ወደ ሻንሲ ዘር የምታደላ፣ በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ስለሆነች ንጹሕ ክሮስኦቨር አይሏትም)። ልዩነቱ ከአራት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የአንድ እጅ ስፋት እንኳ አይሞላም። ሆኖም ከዝናብ በኋላ የጭነት መኪና ጎማ በሰነጠቀው ቀይ አፈር ላይ፣ መሐሉ እንደ ጀርባ ቀርቶ ግራና ቀኙ ሲጎደጉድ፣ እነዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ቤት በመድረስና መንገድ ላይ በማደር መካከል ያለውን ልዩነት ይወስናሉ። እኔ ተውሼ በነዳኋት ዝቅተኛ መኪና የሞተሩን ዘይት መያዣ ድንጋይ በስቶብኝ አንድ ሌሊት እንሰት ሥር ያደርኩ ሰው ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም።

ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን የባዶ መኪና ቁጥር ነው። የዚህ ዘር መኪና ሰውንም ዕቃንም ጨምሮ የምትሸከመው ከአራት እስከ አምስት ኩንታል ያህል ነው። አምስት አዋቂ ሲቀመጥ ሦስት ተኩል አለቀ። ከበዓል ሲመለሱ ደግሞ ቆጮው፣ ቡላው፣ የሀደሮ ዝንጅብሉ፣ አንድ ጆንያ ድንች ይጨመራል፤ የተረፈው ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል። ሞላው ይተኛል፤ 18 የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። ባዶዋን ክሮስኦቨር የነበረች፣ ተጭና ቪትዝ ሆነች። ይሄን ገበያ ላይ የሚነግራችሁ ሰው አታገኙም።

ሻጩ አጥብቆ የሚያወራው ስለ «ፎር ዊል» ነው። በአብዛኞቹ ክሮስኦቨሮች ላይ አራቱ ጎማዎች ሁልጊዜ አይጎትቱም። የፊቱ ሲንሸራተት ብቻ አንድ መጋጠሚያ ራሱ ተይዞ የተወሰነ ጉልበት ወደ ኋላ ይልካል። በክረምት ጭቃ ይረዳል፤ ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲበላሽ ደግሞ ዕቃው ዱራሜ ቀርቶ ሆሳዕናም ላይገኝ ይችላል። በፊት ጎማ ብቻ የምትጎተት፣ ጥርሱ ያልተበላ ጥሩ ጎማ ያደረገች መኪና፣ አራቱም ከሚጎትቱላት ግን ጎማዎቿ ሙልጭ ካሉባት ትሻላለች። ለፎር ዊል ሊከፈል የነበረው ልዩነት ለጎማና ለአሞርዛተር ይዋል ባይ ነኝ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ብዙ ጊዜ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ወንድም እዚያ ሱቅ ይውላል፤ በስልክ ፎቶ ይልካል፤ «እንዲህ ያለችውን ግዙ» ይላል። ፎቶው ላይ ያለችው አብዛኛውን ጊዜ ኮሮላ ክሮስ ናት፤ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደርባን ውስጥ ስለምትገጣጠም እዚያ በየመንገዱ ናት። ጥሩ መኪና ናት። ችግሩ መሪዋ በቀኝ ነው። እኛ ከሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ መንገዱን በቀኝ ይዘን ስለምንነዳ መሪያችን በግራ ነው። ከጃፓን የገቡት ቪትዞች መሪያቸው ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተዛወረላቸው ለዚሁ ነው። የተዛወረ መሪ ያላት መኪና ስትገዙ ዳሽቦርዱን ነካ ነካ አድርጉ፤ የሚንቋቋ ከሆነ ሥራው የችኮላ ነበር።

ወንድም ያላወቀው ሌላም ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ፤ ተገጣጥሞ የሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተጣለበት። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። እንግዲህ የሆሳዕና ቤተሰብ ምርጫ ሁለት ሆነ፦ አገር ውስጥ ያለችውን ያገለገለች የቤንዚን ክሮስኦቨር በተወደደ ዋጋ መግዛት፣ ወይም ከቻይና የመጣችውን የኤሌክትሪክ መውሰድ።

የኤሌክትሪኳን እንደ ጉድ የሚያያት ሰው አለ፤ እኔ በአንድ በኩል ለአገራችን የተፈጠረች ትመስለኛለች። ሞተሯ አይተነፍስም፤ የአየር መሳሳት አይነካትም፤ ዶዮገና ላይም ድሬዳዋ ላይም ጉልበቷ አንድ ነው። ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኗ ባትሪዋን መልሶ ይሞላል። ስሌቱን በቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ እንሥራው። ትልቁ ባትሪዋ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በቻይና መለኪያ 510 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይባላል። ያ መለኪያ ለጋስ ነው፤ እኔ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አምናለሁ፤ 340። አዲስ አበባና ሆሳዕና በከፍታ ብዙ ስለማይበላለጡ 230 ኪሎ ሜትሩን ነድታ ሲሦ ባትሪ ይዛ ትገባለች። ደርሶ መልስ ግን አትችልም።

ስለዚህ ጥያቄው ሆሳዕና ላይ የት ትሞላለች የሚለው ይሆናል። ተራ ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ያህል ቢሰጥ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመሙላት 20 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያውም መብራት ካልሄደ። የሰባት ኪሎ ዋት መሙያ ግድግዳ ላይ ካስገጠማችሁ ስድስት ሰዓት ይበቃል። የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው ሰው ማታ ሰክቶ ይተኛል፤ ለቤንዚን ወረፋ ሌሊት መሰለፍም ይቀርለታል። ተከራይ ከሆነና ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ግን ከአከራይ ጋር ይጣላል። 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ እስከ ሀዲያና ከምባታ ወሰን ድረስ ተኝቶ፣ እኛ መብራት መጣ ሄደ ስንል ማደራችን የራሱ ጨዋታ ነው።

ሁለት ነገር ግን በጥብቅ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ባትሪዋ ወለሏ ሥር ስለሆነ ዩዋን ፕላስ ያላት ከፍታ 17.5 ብቻ ነው፤ ድንጋይ የሚያገኘውም የመኪናዋን ውዱን አካል ነው። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ተቀያሪ ጎማ የላቸውም፤ ፋብሪካው ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ሰጥቶ ያሰናብታል። ጎኑ በስለታም ድንጋይ የተቀደደ ጎማ ደግሞ በፈሳሽ አይታሸግም። ባለ 18 ቁጥር ጎማ ሺንሺቾ ያለ ጎሚስታ ዘንድ መገኘቱም ያጠራጥራል። ከመኪናው ጋር አንድ ተጨማሪ ጎማ ከነቸርኬው ግዙ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ቢያጣብብም ይሁን።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ውሎው ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ሆኖ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ገበያ ለሚመላለስ፣ ግቢ ላለው ቤተሰብ፣ የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር። ገጠሩን በየሳምንቱ ለሚነካ፣ ያገለገለች 1.6 ወይም 2.0 ሊትር የቤንዚን። የቤተሰቡ ቁጥር ከአምስት ካለፈ ሁለቱንም ትቶ ባለ ሰባት መቀመጫ መፈለግ፤ ልጅ ጭን ላይ አስቀምጦ መንዳትን ልማድ ብናደርገውም፣ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ልጁን የእናት ክንድ አይመልሰውም።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ደላላው የሚያሳያችሁን መኪና ባዶዋን አትዩ፤ አምስት ሰው አስቀምጡባት፣ ኋላዋ ላይ አንድ ጆንያ ድንች ጫኑ። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ሥሯ አጎንብሱና ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ብረት ለኩ። ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ካነበባችሁ፣ ስሟ ምንም ይሁን ምን፣ ሌላ ፈልጉ።