መስታወት የምትቀጥለው ማሽን

ክረምቱን ቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ኢንተርንሺፕ ልወጣ ነው ስል ጓደኞቼ የታያቸው ላፕቶፕ፣ የሚሽከረከር ወንበርና ማኪያቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእኔም የታየኝ ያው ነው። ሐምሌ ሲገባ ግን እኔ ያለሁት አስፋልት ዳር፣ ክዳኑ የተነሳ ማንሆል አፋፍ ላይ ነበር፤ ዣንጥላ ይዤ። ዣንጥላው ደግሞ ለእኔ አይደለም፤ ለማሽኗ ነው።

«ዝናቡ ከመጣ መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ራስሽን» አሉኝ የቡድኑ አለቃ ገና በመጀመሪያው ቀን። ሠራተኛው በሙሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው።

በእኛ አገር ኢንተርንሺፕ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወግ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም አፓረንት ይወጣሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ክረምቱን ወይ ማጠናከሪያ ይማራል፣ ወይ ቤት ይውላል። 11ኛን ጨርሼ እዚያ የተገኘሁት የአክስቴ ባል ፋይበር የሚዘረጋ ተቋራጭ ዘንድ ስለሚሠራና «ቁጭ ብላ ከምትውል ዕቃ ታቀብል» ብሎ ስለለመነልኝ ነው። ደመወዝ የለውም፤ ምሳና ትራንስፖርት አለው። ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ ሳቀብል ዓይኔ ያልተነሳው ከዚያች ማሽን ላይ ስለሆነ ላስተዋውቃችሁ።

ስፕላይሰር ትባላለች። ከምሳ ዕቃ ጥቂት የምትበልጥ፣ ማንጠልጠያ ያላት፣ ከላይ ትንሽ ስክሪን የተገጠመላት ሳጥን ናት። በባትሪ ትሠራለች። ክዳኗን ስትከፍቱ ከግራና ከቀኝ የሚገናኙ ሁለት ቀጫጭን ቦዮች ታያላችሁ፤ መገናኛቸው ላይ ደግሞ እንደ መርፌ የሾሉ ሁለት ኤሌክትሮዶች ተፋጠው ቆመዋል። ሥራዋ አንድ ነው፤ የሁለት ፋይበር ጫፎችን አቅልጣ አንድ ታደርጋለች። አታጣብቅም፣ አትቋጥርም። መስታወቱን ከመስታወቱ ታዋህደዋለች።

እናቴ ሥራውን በሰማች ቀን «ኤሌክትሪክ እንዳይዝሽ» ብላ ጫማ ገዛችልኝ። ፋይበር ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሌለ ለማስረዳት ሳምንት ፈጀብኝ። የሚያልፍበት ብርሃን ነው። ያውም በዓይን የማይታይ ብርሃን ስለሆነ ጋሼ የፋይበር ጫፍ ወደ ፊቱ የሚያዞር ሰው ካዩ ይጮኻሉ። ፋይበሩ ራሱ እጅግ የጠራ መስታወት ነው፤ ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ። ብርሃኑ የሚጓዘው ግን በዚያ ሁሉ አይደለም። መሐሉ ላይ ኮር የሚባል 9 ማይክሮን ገደማ የሆነ መንገድ አለ። በባዮሎጂ የተማርነው ቀይ የደም ሕዋስ ወርዱ 7 ወይም 8 ማይክሮን ነው፤ እንግዲህ ያንን የምታህል መንገድ አስቡ።

ብርሃኑ ከዚያች መንገድ ለምን አይወጣም? ዱላ ውሃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ የሚመስለን ብርሃን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነው። ይበልጥ ከሚያዘገየው ነገር ሊወጣ በጣም አጋድሎ ሲመጣ ግን ማለፉን ትቶ ተመልሶ ይነጥራል። የኮሩ መስታወት በዙሪያው ካለው መስታወት ብርሃንን ትንሽ፣ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ በማይሞላ ልዩነት፣ አብልጦ እንዲያዘገይ ተደርጎ ይሠራል። ያች ትንሽ ልዩነት ትበቃለች፤ ብርሃኑ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል። ፊዚክስ መምህራችን ይህንኑ ሰሌዳ ላይ ስለውልን ነበር። ያኔ ለፈተና ነው የያዝኩት።

መስታወቱን እዚህ ለማድረስ ብዙ ተደክሟል። ድሮ የነበረው መስታወት ብርሃንን ጥቂት አስጉዞ ይውጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ሻንጋይ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ቻርልስ ካኦ ከባልደረባው ጋር ሆኖ አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ጥፋቱ የመስታወቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው የቆሻሻ ነው የሚል። ብክነቱ በኪሎ ሜትር ወደ 20 ዴሲቤል ከወረደ ስልክ ማስተላለፍ ይቻላል አለ። 20 ዴሲቤል ማለት ከገባው ብርሃን ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሚወጣው ከመቶ አንዱ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ያኔ ይህም ምኞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የአሜሪካው ኮርኒንግ ከዚያ የተሻለ ሠራ። ዛሬ ማንሆላችን ውስጥ ያለው ፋይበር በኪሎ ሜትር የሚያባክነው 0.2 ገደማ ነው። ያኔ በ1 ኪሎ ሜትር የሚያልቀው ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ካኦ እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለም ከጽሑፉ 43 ዓመት አልፎ ነበር።

መስታወቱ ይህን ያህል ከጠራ ብርሃኑ ሌላ የሚባክነው የት ነው? መቀጠያው ላይ። የማሽኗ ጥቅም የገባኝ ያኔ ነው። ኬብል የሚመጣው በትልልቅ የእንጨት ጥቅል ሆኖ ነው፤ በአንዱ ጥቅል ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ ጥቂት ኪሎ ሜትር አለ። አገራችን ባሕር ስለሌላት ከባሕር ሥር ኬብሎች የምንገናኘው በጎረቤቶቻችን በኩል አልፈን ነው። በጅቡቲ በኩል ያለው መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በየ4 ኪሎ ሜትሩ ቢቀጠል እንኳ 175 መቀጠያ አለ። እያንዳንዱ 0.02 ዴሲቤል ቢያባክን ድምሩ 3.5 ነው፤ 0.1 ቢያባክን ግን 17.5 ይሆናል። በየመንገዱ ብርሃኑን የሚያጎለብቱ መሣሪያዎች አሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የማንንም ግድየለሽነት እንዲሸከሙ ተብለው አልተቀመጡም። ስክሪኗ ላይ 0.02 ሲነበብ ጋሼ ዝም ይላሉ። 0.08 ከሆነ «ቁረጪው» ይላሉ። ስለ ጥራት ሌላ ንግግር አልሰማሁም።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ ፋይበሩን የሸፈነው ቀለም ያለው ፕላስቲክ በስትሪፐር ይገፈፋል። ከዚያ በአልኮል በራሰ የማይበጣጠስ ወረቀት ይጠረጋል፤ በደንብ ሲጠራ ጩኸት አለው፣ የታጠበ ብርጭቆ በጣት ሲታሽ የሚያሰማውን ዓይነት። ቀጥሎ ክሊቨር ይመጣል። ክሊቨር የሚቆርጥ ይመስላል እንጂ አይቆርጥም፤ ስለቱ መስታወቱን ጫር ያደርገዋል፣ ከዚያ ፋይበሩ ሲወጠር በራሱ ጊዜ ቀጥ ብሎ ይሰበራል። መስታወት ቆራጮች በመስኮት መስታወት ላይ የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው። ጫፉ ከአንድ ዲግሪ በላይ ካዘመመ ማሽኗ አልቀበልም ትላለች። እኔ ብጠየቅ ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ማሽኗን ሁሉም ያደንቃታል፤ የተንሻፈፈ ጫፍ ከሰጧት ግን ምንም አታመጣም።

ሁለቱ ጫፎች በየቦያቸው ሲቀመጡና ክዳኑ ሲዘጋ ቀሪው የእሷ ነው። ካሜራዎቿ ከሁለት አቅጣጫ እያዩ፣ ትናንሽ ሞተሮቿ ጫፎቹን ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያሉ ኮርን ከኮር ያስተካክላሉ። የእኛዋ ባለ ስድስት ሞተር ናት፤ ባለ አራቶቹ የውጪውን መስታወት እንጂ ኮሩን አያስተካክሉም። ከዚያ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ብልጭታ ይነሳል። መጀመሪያ ትንሽ፣ አቧራ ለማቃጠል፤ ቀጥሎ ትልቁ፣ ከ1,600 ዲግሪ በላይ የሚደርሰው። ስክሪኑ ላይ ሁለቱ ጫፎች ለስልሰው ሲገናኙ ይታያል፤ ከዚያ መጋጠሚያው ይጠፋል። ሁሉም ነገር የሚፈጀው አሥር ሰከንድ ያህል ነው። በመጨረሻም ፋይበሩን ሳብ አድርጋ ጥንካሬውን ትፈትሻለች። የብክነቱን ግምት በዴሲቤል ትጽፋለች። ግምት ነው ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከምስሉ ተነስታ ታሰላዋለች እንጂ አትለካውም። የሚለካው ኦቲዲአር የሚባለው ሌላው መሣሪያ ነው፤ ከዳር ሆኖ ብርሃን ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን አይቶ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳለ ይናገራል።

ብልጭታው የሚዘለው በአየር ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ አየሯ የሳሳ ከተማ ናት፤ የብልጭታው ሙቀትም ቆላ ላይ እንዳለው አይሆንም። አዳማ ሄደን ስንሠራ፣ ከ600 ሜትር በላይ ወርደን ማለት ነው፣ ጋሼ ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ሁለት ቁራጭ ፋይበር አስገብተው ማሽኗ ብልጭታዋን እንድታስተካክል ማዘዝ ነበር። አዳዲሶቹ ማሽኖች የአየሩን ግፊት ራሳቸው ያነባሉ፤ ጋሼ ግን አያምኗቸውም። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳትጠይቀኝ ገባት። «ማሟሻ ነዋ» አለች። ትክክል ናት። ምጣዱ ሲለወጥ፣ ማገዶው ሲለወጥ፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ለማሟሻ ትሄዳለች።

ፋይበሮቹ እንዳይምታቱ በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ግራጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሮዝ፣ ውሃ ሰማያዊ። እንደ ፊደል ገበታ በቃሌ አወጣኋቸው። ቀን ላይ ቀላል ነው። አንድ ምሽት ግን ኤክስካቫተር የበጠሰውን ኬብል ልንቀጥል ወጥተን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ቆየን፤ በአንዱ ሠራተኛ ግንባር ላይ ባለው ባትሪ ግራጫና ነጭ አንድ ሆኑብኝ። ማንሆሉ ውሃ ሞልቶ ስለነበር መጀመሪያ በፓምፕ ተመጥጧል። እናቴ አምስት ጊዜ ደውላለች። ከዚያ ምሽት በኋላ «ኔትወርክ የለም» ሲባል አፌ አይፈጥንም።

የሚቆረጠው ብጥስጣሽ መስታወት መሬት አይጣልም። ቆዳ ውስጥ ከገባ አይታይም፣ በቀላሉም አይወጣም። ጋሼ በፕላስተር የተጠቀለለች ሃይላንድ አለቻቸው፤ እያንዳንዷ ቁራጭ እዚያ ትገባለች። ሁለት ወር ሙሉ ሳልጠየቅ የሠራሁት ሥራ ያንን ሃይላንድ ከፍቶ መያዝ ነው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጋሼ የተቀመጡበትን የለስላሳ ሳጥን ለቀቁልኝ። አንድ ትሬ፣ ማለትም የተቀጠሉ ፋይበሮች ተጠቅልለው የሚቀመጡበት ሳህን፣ 12 ፋይበር። ሰማያዊዋ 0.02፣ ብርቱካናማዋ 0.01፣ እስከ ጥቁሯ ድረስ እንዲህ ሄደ። ልቤ አበጠ። ቢጫዋ ላይ 0.01 ሳይ ዞር ብዬ ጋሼን አየኋቸው። እሳቸው ስክሪኑን አላዩም፤ የሚያዩት ጉልበቴ ላይ የተቀመጠችውን ስሊቭ ነበር። ስሊቭ ማለት መቀጠያው እንዳይሰበር በሙቀት ተኮማትራ የምትሸፍነው ቱቦ ናት። ከመቀጠሉ በፊት ፋይበሩ ላይ መሰካት አለባት፤ ከተቀጠለ በኋላ የምትገባበት ጫፍ የለም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉና ስትሪፐሩን አቀበሉኝ።

ቢጫዋን ቆረጥኳት። ስሊቯን አስገብቼ፣ ገፍፌ፣ ጠርጌ፣ ሰብሬ አስቀመጥኩ። 0.14። አቧራ ይሆናል፣ ወይ የእጄ መንቀጥቀጥ። ጋሼ ሳይናገሩ ሃይላንዷን ከፈቱልኝ። በየሙከራው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ትሬው ላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጠው ትርፍ ደግሞ ተለክቶ የተተወ ነው። ሦስተኛውን ከመጀመሬ በፊት ስሊቯን ሁለት ጊዜ በጣቴ ነካኋት።

0.02 አለች። ማሽኗ ላይ ያለው ማሞቂያ ውስጥ አስገባኋትና ድምፁን እስኪያሰማ ጠበቅኩ። የተረፈውን ቢጫ ፋይበር ትሬው ላይ ስጠቀልለው ከሌሎቹ ስምንት ይልቅ በአንድ ዙር አጠረ።