የሰኔ ፈተና በረመዳን ይጀመራል

 

ዘንድሮ ረመዳን በየካቲት ገብቶ በመጋቢት ይወጣል። በደሴና በኮምቦልቻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልፎ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጀምሯል። ስለ ሰኔ ፈተና ከአሁኑ የሚጨነቅ ቤተሰብ ብዙ አይደለም። መስጊድ የምናገለግል ኢማሞች ዘንድ እናቶችና አባቶች «ሸህዬ፣ ልጄ ነገ ፈተና አለበት፤ ዱዓ ያድርጉለት» እያሉ የሚመጡት ሰኔ ሲገባ ነው። ዱዓው መልካም ነው፤ እናደርጋለንም። ነገር ግን ዱዓ የሚደረግለት ሥራ አስቀድሞ መሠራት አለበት። ገበሬም ዱዓ የሚያደርገው ዘሩን ከበተነ በኋላ ነው። የሰኔው ዘር የሚበተነው ደግሞ አሁን፣ በዚህ በጾሙ ወር ነው።

ይህን የምንለው ለማሳመር አይደለም። የውጤት አሰጣጡ ራሱ እንዲህ ነው። የአንድ ተማሪ የመንፈቅ ዓመት ውጤት ከመቶ ሲሞላ የመጨረሻው ፈተና የሚይዘው ከፊሉን ብቻ ነው። የቀረው በየጊዜው ከሚሰጠው ቴስት፣ ከክፍል ሥራ፣ ከአሳይመንትና ከቡድን ሥራ ይጠራቀማል። መምህራን ተከታታይ ምዘና ይሉታል። ሱሑር በልቶ የተኛ ልጅ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢያመልጠው፣ ሌላው «ጾመኛ ነኝ» ብሎ የቤት ሥራውን ቢተው፣ የቀረው ነጥብ ሰኔ ላይ ተመልሶ አይመጣም። በመጨረሻው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ቢያጠና እንኳ የሚሞላው የመጨረሻውን ፈተና ድርሻ ብቻ ነው።

ከዚህ የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ልጆቻችን 8ኛ ክፍል ላይ ክልላዊ ፈተና ይወስዳሉ። ከዚያ በኋላ ከትምህርት ቤታቸው ውጭ ያለ አካል የሚመዝናቸው ከአራት ዓመት በኋላ፣ 12ኛ ክፍል ላይ ነው። ቀድሞ በመካከል የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ነው። እንግዲህ ዛሬ አንድ ወላጅ በ9ኛ፣ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ስለ ልጁ የሚያውቀው ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ እውነተኛ ከሆነ እሰየው። በኩረጃ የተገኘ ከሆነ ግን ልጁም ወላጁም እውነቱን የሚያዩት ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው።

ይህ በአገር ደረጃ ደርሶ አይተነዋል። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃንና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 ከመቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉን እናመሰግናለን፤ አልሐምዱ ሊላህ። ቢሆንም ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው አሁንም ከግማሽ በታች ነው። እነዚህ ልጆች ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወሩ የኖሩት የማለፊያ ውጤት ይዘው ነው። በካርዱና በፈተናው መካከል ያለው ርቀት የመጣው በአንድ ቀን አይደለም።

የእኛን አካባቢ ልጆች በተመለከተ ፍርዳችን ሚዛናዊ መሆን አለበት። በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ትምህርት ተቋርጧል፤ ቤተሰብ ተሰዷል፤ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። በዚያ ዓመት 8ኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግም ከዘለቀ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ነው። በየወረዳው ትምህርቱ ተስተጓጉሎበት ከተማ ገብቶ ቤት ተከራይቶ የሚማርም አለ። እነዚህ ልጆች የጎደላቸውን የሚሞሉት ጉድለቱ ከታወቀ ነው። ኩረጃ ደግሞ ጉድለትን ይሸፍናል እንጂ አይሞላም። መምህሩ ልጁ ያልገባውን እንዳያውቅ ያደርገዋል።

በሸሪዓችን ማጭበርበር ምን እንደሆነ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ አለ። ነቢያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ከላይ ደረቅ የሆነው እህል ከታች ርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ርጥቡን ከላይ ማድረግ ይገባው እንደነበር ነገሩት፤ አታላይነትንም በብርቱ ቃል አወገዙ። ልብ እንበል፤ ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ርጥቡን መሸፈኑ ነው። ልጃችን ሒሳብ ባይገባው ጥፋት አይደለም። ከሌላ ሰው ወረቀት የተገለበጠውን መልስ የራሱ አስመስሎ ማቅረቡ ግን ርጥቡን እህል በደረቁ መሸፈን ነው። በዚያ ውጤት የሚያገኘው ወንበር የሌላ ልጅ ሐቅ ነው። ነገ የሚያገኘው ሥራና ደሞዝስ በምን ላይ ይቆማል?

የወሎ አባቶቻችን የምዘና ሥርዓት ይህን ዐውቆ የተሠራ ነበር። በዳናም ይሁን በጌታ፣ በሌሎቹም የዒልም ማዕከላት ደረሳው ሉሁን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጣል፤ የያዘውን በቃሉ ይወጣል። ሳይዝ ሉሁን አያጥብም። አንዱን ኪታብ ሳይጨርስና ሳይገባው ወደ ሌላው አይሻገርም። አንዱ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ ሌላው ዓመት ይፈጅበታል፤ በመዘግየቱ ግን አያፍርም። ሸኹም የእያንዳንዱን ደረሳ አቅም ያውቃል። በክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ልጅ የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ ማድረግ አይችልም። ቢያንስ ቤተሰብ ሊያግዘው ይችላል። ማታ ከኢፍጣር በኋላ ልጅን አስቀምጦ «ዛሬ የተማርከውን ንገረኝ» ማለት የተማረ ወላጅ አይጠይቅም። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ልጇ ሲንተባተብ ታውቃለች።

ረመዳን ለዚህ ትምህርት ከሁሉ የተመቸ ወር ነው። ልጃችን ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቤት ሆኖ፣ ውኃው አጠገቡ ተቀምጦ አይጠጣም። ማንም አያየውም፤ ሆኖም አላህ እንደሚያየው ያውቃል። ያው ልጅ በማግሥቱ ቴስት ላይ አጤሬራ ከኪሱ ቢያወጣ ጾሙና ፈተናው ተለያዩበት ማለት ነው። ለይተን ያስተማርነው ደግሞ እኛ ትልልቆቹ ነን። «ሰው ሁሉ ይኮርጃል» የሚል ወላጅ አለ። በቴሌግራም «የፈተና መልስ አለን» ለሚሉ ሰዎች ገንዘብ ለልጁ የሚሰጥም አለ። ልጁ አንድ ብር ሰርቆ ቢመጣ የሚቆጣ አባት፣ የሰረቀውን ነጥብ ግን መርቆ ይቀበላል። ወገኖቻችን፣ ነጥብም አማና ነው።

ስለ ቤታችን አሠራር ደግሞ በተለይ ስለ ሴት ልጆቻችን መናገር እንወዳለን። በረመዳን ከዐስር በኋላ ወንዱ ልጅ መስጊድ ወይም ሜዳ ነው። እኅቱ ግን ከትምህርት ቤት እንደመጣች ሾርባውን ትጥዳለች፤ ሳንቡሳውን ጠቅልላ ትጠብሳለች፤ ከኢፍጣር በኋላ ዕቃውን ታጥባለች፤ ለሱሑር ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። በሰኔ ሁለቱም እኩል ይፈተናሉ። ጾመኛን ማስፈጠር ትልቅ ምንዳ አለው፤ ይሁንና ምንዳው የሴት ልጅን የጥናት ሰዓት በሙሉ መውሰድ አለበት የሚል የለም። ሳንቡሳው በሳምንት ሁለት ቀን ቢቀር ጾሙ አይጎድልም። ወንዱም ዕቃ ቢያጥብ ክብሩ አይነካም፤ ነቢያችን በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር።

የወንዶቹ ችግር ደግሞ እንቅልፍ ነው። ከተራዊሕ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካኩ ቆይተው፣ ሱሑር በልተው፣ ፈጅርን ሰግደው ይተኛሉ። ከተራዊሕ በኋላ ወዲያው የተኛ ልጅ ለሱሑር ሲነሳ አእምሮው የነቃ ነው። ከፈጅር በኋላ ያለው ጸጥተኛ ሰዓት ለጥናት ከሁሉ ይሻላል። በየሰፈሩ ያላችሁ የመስጊድ ኮሚቴዎችም ከዐስር እስከ መግሪብ ለተማሪዎች ቦታ ብትለቁ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣቶቻችንም ታናናሾቻቸውን ቢያግዙ ኸይር ሥራ ነው።

«ፈተና ካለ ማፍጠር ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልናል። በሽታና ጉዞ የታወቁ ዑዝሮች ናቸው፤ ፈተና ብቻውን ግን ከእነሱ አይቆጠርም። በእርግጥ የሚጎዳ ድካም ወይም ሕመም የደረሰበት ልጅ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አፍጥሮ በኋላ ቀዷ ያወጣል። ይህንም በግሉ ኢማሙን ይጠይቅ። በአገራችን የጾሙ ርዝመት ከ13 እስከ 14 ሰዓት ገደማ ነው፤ በበጋም በክረምትም ብዙ አይለዋወጥም። በእንግሊዝ አገር በሰኔ ረመዳን ጾሙ 18 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ረመዳን ከትልልቅ ፈተናዎች ጋር በገጠመ ጊዜ የዚያ አገር የፈተና አካላት የሙስሊሙን ማኅበረሰብ አነጋግረው አንዳንድ ፈተናዎችን ቀደም ብለው እንዲሰጡ አድርገዋል።

እኛም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በግንቦት 2008 የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰረዘ። የተተካው ቀን ደግሞ ከዒድ አል ፈጥር ጋር ገጠመ። ሙስሊም ተማሪዎችና ወላጆች ጥያቄ አቀረቡ፤ ፈተናው ተገፍቶ ከዒድ በኋላ፣ ከሐምሌ 4 ጀምሮ ተሰጠ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የጥቂቶች ስርቆት በሐቅ ያጠኑትን ሁሉ ያንገላታል። ሁለተኛ፣ በጊዜውና በሥርዓቱ የቀረበ ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ይህ ሁለተኛው በቅርቡ ይጠቅመናል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። በ2009 እና በ2010 ግንቦትና ሰኔ ላይ ነበር። በ2020 እና በ2021 ደግሞ ጥር ላይ ይገባል፤ ይኸውም የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና የሚሰጥበት ወቅት ነው። የወላጅ ኮሚቴዎች ከርዕሳነ መምህራን ጋር አስቀድመው ቢነጋገሩ የፈተናን ሰዓት ጠዋት ላይ ማድረግ፣ የዒድን ቀን ከፕሮግራሙ ማውጣት ከባድ አይደለም። ጥያቄው በፈተናው ዋዜማ ሳይሆን መስከረም ላይ መቅረብ አለበት።

በዚህ ሳምንት ግን ከእያንዳንዱ ቤት የምንጠይቀው አንድ ቀላል ነገር ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ካርድ አውጡ፤ ልጁን አስቀምጡና «ከዚህ ውስጥ በራስህ ያመጣኸው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እውነቱን ከነገራችሁ አትቆጡት፤ አትምቱት። እውነት የሚናገር ልጅ እንዲቀጣ ካደረጋችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ዝቅ ያለውን ትምህርት ለዩ፤ መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ ከረመዳን ቀሪ ቀናት ለዚያ ትምህርት ሰዓት ቁረጡ። ልጁ ሰኔ ላይ ስልሳ በሐቅ ቢያመጣ፣ ከተኮረጀ ዘጠና የበለጠ በረካ አለው። አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት ይስጣቸው፤ የለፉበትንም ያሳካላቸው። አሚን።