እንግዳ ሆኖ ማስተማር፤ በቻይና ገጠር የኖሩ የሁለት መምህራን ታሪክ

የአገራችን ሰው፤ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው ይላል። ይህ አነጋገር ሰንብቶ ለሚሄድ እንግዳ የተነገረ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር መጥቶ፥ ቋንቋውን በማያውቀው ሕዝብ መካከል ዓመታት የሚቀመጥና የሰውን ልጅ አስተምራለሁ ብሎ ኀላፊነት የሚቀበል እንግዳ፥ ከብረትነት በኋላ ምን ይሆናል? ዛሬ በየአገሩ ልጆቻቸውን ለማስተማር የሚሄዱና የሌላውን አገር መምህር በቤታቸው አጠገብ የሚያስተናግዱ ቤተ ሰቦች ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ይህን ጥያቄ በሁለት ሰዎች ታሪክ ልንመረምረው ወደድን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጆርጅ ሆግ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1915 ዓ.ም. ተወለደ። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ዓለምን ለማየት ወጥቶ በ1938 ዓ.ም. ቻይና ደረሰ። ያን ጊዜ የጃፓን ጦር ቻይናን ከወረረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ሕዝቡ ከመንደሩ ተነቅሎ ይሰደድ ነበር፤ ልጆችም ያለ አባትና ያለ እናት በየመንገዱ ይንከራተቱ ነበር። የጠላት ወረራ በቤተ ሰብ ላይ የሚያደርሰውን መከራ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚያሻ አይመስለንም። ሆግ አገሩን ለጥቂት ጊዜ ጐብኝቶ ለመመለስ ነበር የመጣው፤ ያየው መከራ ግን ይዞ አስቀረው።

በመጀመሪያ የጋዜጣ ወሬ ጸሓፊ ሆነ። በኋላም የኒው ዚላንድ ተወላጅ የሆነው ሬዊ አሌይና ጓደኞቹ በ1938 ዓ.ም. ባቋቋሙት የኢንዱስትሪ የኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ገባ። የማኅበሩ አሳብ ይህ ነው፤ የከተማው ፋብሪካ በጦርነቱ ስለ ጠፋ፥ ስደተኛው በገጠር በትንንሽ ማኅበር ተሰብስቦ ጨርቁንና መሣሪያውን በገዛ እጁ እንዲሠራ ነው። ጎንግ ሆ የሚለው አጭር ስሙም «አብሮ መሥራት» ተብሎ ይተረጐማል። ለእነዚህ ማኅበሮች የሚሆኑ ሠራተኞችን ለማሠልጠን፥ በሚስዮናዊው በጆሴፍ ቤይሊ ስም የተጠሩ ተማሪ ቤቶች ተከፈቱ። ከእነዚህ አንዱ በሰሜን ምዕራብ ቻይና፥ በሻአንሺ ጠቅላይ ግዛት፥ ሿንግሺፑ በሚባል በተራሮች መካከል ባለ ትንሽ ቦታ ነበር። በዚያ ልጆች የቀኑን እኩሌታ በመጽሐፍ፥ እኩሌታውን በእጅ ሥራ ያሳልፉ ነበር።

ሆግ በ1942 ዓ.ም. የዚህ ተማሪ ቤት ዲሬክተር ሆነ። ከእርሱ በፊት የተሾሙት ብዙዎቹ ሳይሰነብቱ ለቀው ሄደው ነበር። የተረከባቸው ልጆች ከጦርነትና ከስደት የተረፉ፥ አንዳንዶቹም ሙት ልጆች፥ ሰውነታቸውን እከክ የበላቸው ነበሩ። እንዲህ ያለውን ልጅ በአንድ ጊዜ ፊደል ቍጠር ማለት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ አዲሱ ዲሬክተር ከመጽሐፍ አስቀድሞ ገላቸውን ማጠብን፥ ቍስላቸውን ማከምንና ጨዋታን አስቀደመ። በወንዝ ከልጆቹ ጋር ይዋኝ፥ በኳስ ሜዳ ከልጆቹ ጋር ይሮጥ ነበር። ቋንቋቸውን ተምሮ በቋንቋቸው ተናገራቸው። የአገሩን ዘፈን ሲያስተምራቸው የእነርሱንም ዘፈን ከእነርሱ ይማር ነበር።

በዚህ ነገር ውስጥ አንድ ምሥጢር ያለ ይመስለናል። መምህር ሁልጊዜ ሰጪ፥ ተማሪ ሁልጊዜ ተቀባይ ከሆነ፥ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይጠፋም። የውጭ አገር መምህር ግን ከተማሪው ቋንቋን፥ ልማድንና የአገሩን አነጋገር ሊማር ግድ ነው። ልጁ መምህሩን ያስተማረ ዕለት፥ እኔም የምሰጠው አለኝ ብሎ ደረቱን ይነፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለመማር አያፍርም።

የዚያ አገር ኑሮ ለእንግዳ ቀላል አይደለም። በሰሜን ቻይና ብርዱ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ሰው ካንግ በሚባለው፥ ከሥሩ እሳት በሚነድበት የጭቃ ወይም የጡብ መደብ ላይ ይተኛል። ምግቡም፥ ብዙዎች ሰዎች እንደሚያስቡት፥ ሩዝ ብቻ አይደለም፤ በዚያ በኩል ያለው ገበሬ የሚኖረው ይልቁን በስንዴና ዳጉሳን በሚመስል ጥቃቅን እህል ነው። በእንዲህ ያለ አገር የሚቀመጥ መምህር፥ የራሱን አገር ማዕድ እያሰበ ቢኖር ሆዱም ልቡም አይጠግብም።

ሆግ ከመምህርነት አልፎ አባት ሆነ። እናታቸው የሞተችባቸውን፥ አባታቸውም በዘመኑ ሁከት ከአጠገባቸው የራቀባቸውን አራት ወንድማማች ልጆች ተቀብሎ አሳደገ። ራሱ ሚስት አላገባም፤ ዕድሜውም ገና ሠላሳ አልሞላም ነበር። ልጅ ማሳደግ ምን እንደ ሆነ የሚያውቁ እናቶች፥ ይህ ለአንድ ወጣት እንዴት ያለ ሸክም እንደ ሆነ ይፈርዱታል።

በ1944 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እየቀረበ ሄደ፤ ልጆቹንም ለውትድርና የሚፈልጉ ሹማምንት ስለ ነበሩ፥ ተማሪ ቤቱን ወደ ምዕራብ ማዛወር ግድ ሆነ። ሆግና ስድሳ ያህል ልጆች መሣሪያቸውንና መኪናቸውን ይዘው፥ በበረዶው ወራት ተራራ እየወጡ፥ ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዘው በጋንሱ ጠቅላይ ግዛት ሻንዳን ከተባለው ከተማ በ1945 ዓ.ም. ደረሱ። በዚያም ባረጀ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሥራቸውን እንደ ገና ጀመሩ።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሆግ ከልጆቹ ጋር ኳስ ሲጫወት የእግሩ ጣት ተመታ። ቍስሉ ትንሽ ነበርና ማንም አልፈራውም። ነገር ግን በዚያች ትንሽ ቍስል መንጋጋ ቈልፍ የሚባለው በሽታ ገባ። በሻንዳን መድኃኒቱ አልነበረም፤ ከሩቅ ከተማ እንዲመጣ ቢላክም በጊዜ አልደረሰለትም። በጁላይ 22 ቀን 1945 ዓ.ም. በሠላሳ ዓመቱ ሞተ። ተማሪ ቤቱንና አራቱን ልጆች ሬዊ አሌይ ተረከበ። የሆግ መቃብር በሻንዳን ነው፤ በባህል አብዮት ዘመን ቢፈርስም በኋላ ታድሶለታል። ተማሪ ቤቱም በ1987 ዓ.ም. በሻንዳን እንደ ገና ተቋቋመ።

ሁለተኛይቱ መምህርት ወይዘሮ ኢዛቤል ክሩክ ናቸው። እርሳቸውም በዚያው በ1915 ዓ.ም. ከካናዳውያን ሚስዮናውያን በቻይና በቼንግዱ ከተማ ተወለዱ። በ1947 ዓ.ም. ከባላቸው ከዴቪድ ክሩክ ጋር በሰሜን ቻይና ሺሊዲያን በሚባል መንደር ተቀምጠው፥ መሬት ለደኻ ገበሬ ሲከፋፈል እያዩ ጻፉ። ጽሑፋቸውን ፈጽመው ለመመለስ ሲያስቡ፥ በ1948 ዓ.ም. በናንሃይሻን መንደር በተቋቋመ ተማሪ ቤት እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ተለመኑ፤ እሺ ብለውም ቀሩ። በመንደር የተጀመረው ያ ተማሪ ቤት ዛሬ በቤይጂንግ ያለው የውጭ ቋንቋዎች ዩኒቨርሲቲ ነው።

የእንግዳ ኑሮ ግን ፈተናም አለበት። በባህል አብዮት ዘመን ባላቸው ሰላይ ነህ ተብለው ከ1967 እስከ 1973 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ወይዘሮ ኢዛቤልም በተማሪ ቤቱ ግቢ ውስጥ እንደ እስረኛ ተጠበቁ። ሦስት ወንዶች ልጆች የነበሩት ያ ቤተ ሰብ በአንድ ቀን ወዳጅ ከመባል ጠላት ወደ መባል ወደቀ። ከተፈቱና ንጹሕነታቸው ከታወቀ በኋላ አገሩን ጥለው ሊሄዱ ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን ወደ ተማሪዎቻቸው ተመለሱ። ወይዘሮ ኢዛቤል በ2019 ዓ.ም. ከቻይና መንግሥት የወዳጅነት ኒሻን ተቀበሉ፤ በ2023 ዓ.ም. በመቶ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

በአንድ ዓመት ከተወለዱት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ሠላሳ፥ ሌላይቱ መቶ ሰባት ዓመት ኖሩ። ሕዝቡ ሁለቱንም የሚያስታውሳቸው ባወቁት እንግሊዝኛ ብዛት አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ። የሚታወሱት መከራ በመጣ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ስለ ተገኙ ነው። እንግዳ ከወርቅ ወደ ብረት የሚወርደው እንግዳ ሆኖ ብቻ ሲቀመጥ ነው፤ ሸክም ያነሣ እንደ ሆነ ግን በወርቅም በብረትም አይመዘንም፥ ዘመድ ይባላል።

ስለዚህ ልጃችሁ ወደ ሩቅ አገር ገጠር ለማስተማር የሚሄድ ቢሆን፥ ከልብሱና ከመጽሐፉ በፊት ትዕግሥትን ስነቁለት፤ የአገሩን ቋንቋ ከሕፃናት አፍ ለመማር እንዳያፍር፥ የቀረበለትንም ማዕድ እንዳይንቅ ምከሩት። በመንደራችሁ የውጭ አገር መምህር ያለ እንደ ሆነ ደግሞ፥ በበዓል ቀን ብቻ ሳይሆን በአዘቦትም ቀን ጥሩት፤ አነጋገሩ ሲሳሳት ልጆች እንዳይሥቁበት ገሥጹ።

ስለ ቍስልም አንድ ቃል እንጨምራለን። የመንጋጋ ቈልፍ ዘር በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ ይኖራል፤ በምስማር፥ በእሾኽ ወይም በዕንቅፋት በተከፈተ ቍስል ይገባል። ዛሬ የሚከላከለው ክትባት በየጤና ጣቢያው አለ። ቍስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች እናትም ክትባቱን ብትወስድ ራስዋንና የምትወልደውን ሕፃን ታድናለች። ለሆግ በጊዜ ያልደረሰለት መድኃኒት ዛሬ ለእኛ ቅርብ ነውና፥ ትንሽ ቍስል ነው ብሎ መናቅ አይገባም።