ምዕራፍ 4፦ በጠላት እጅ ያለ እርሻ የገዛው ነቢይ

መሬት ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ሁለት ነገር ያጣራል፦ ሻጩ በእርግጥ ባለርስት መሆኑንና አገሩ ሰላም መሆኑን። ነቢዩ ኤርምያስ ሁለተኛውን ለማጣራት ወደ ቅጥሩ ማየት ብቻ ይበቃው ነበር። ንጉሥ ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ገደማ፣ የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ከብቦ በቅጥሯ ዙሪያ አፈር ይደለድል ነበር። ነቢዩ ራሱ በንጉሡ ግቢ፣ በዘበኞች አደባባይ እስረኛ ነው፤ ጥፋቱ ከተማዪቱ ትወድቃለች ማለቱ ነው። በዚህ መሐል የአጎቱ የሰሎም ልጅ አናምኤል እስር ቤት ድረስ መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻ እንዲገዛው ጠየቀው።

ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ የካህናት መንደር ናት፤ ኤርምያስም የዚያው ተወላጅ ነው። ከተማዪቱ ከተከበበች ዙሪያዋ ያለው ገጠር በማን እጅ እንዳለ ለማንም ግልጽ ነው። ሌላም ነገር አለ። የዓናቶት ሰዎች ትንቢቱን ካልተወ ሊገድሉት ዝተውበት ነበር፤ የአባቱ ቤት ወገኖችም ከድተውታል። አሁን ከዚያው መንደር፣ ከዚያው ዘመድ አንዱ መጥቶ የሥጋ ዝምድናን ያነሣበታል። የሙሴ ሕግ ርስት ከወገን እንዳይወጣ የቅርብ ዘመድ እንዲቤዠው ያዝዛልና።

ኤርምያስ ቂሙን አላነሣም። እርሻውን ገዛው።

ስለ እምነት ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን የተከፈለ ባሕርና ከሰማይ የወረደ እሳት ነው። በዚህ ታሪክ የምናገኘው ግን ሚዛን፣ ምስክር፣ ማኅተምና የሸክላ ዕቃ ነው። ለእኛ የዕለት ኑሮ የሚቀርበውም ይኸኛው ነው።

ውል ያለው እምነት

ዋጋው 17 ሰቅል ብር ነበር። በዚያ ዘመን በይሁዳ ብር የሚከፈለው ተመዝኖ ነው፤ በዛሬው ልክ ወደ 200 ግራም ይጠጋል። ኤርምያስ ውሉን ጽፎ አተመ፣ ምስክሮች ጠራ፣ ብሩን በሚዛን መዘነ። ውሉም ሁለት ነው፤ አንዱ የታተመ፣ ሌላው የተከፈተ። የተከፈተው ማንም አይቶ እንዲረዳው ነው፤ የታተመው ደግሞ ክርክር የተነሣ ቀን ይፈታል። ሁለቱንም ለጸሓፊው ለባሮክ ሰጥቶ ለብዙ ዘመን እንዲቆዩ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖራቸው አዘዘው። ሸክላ አደራ ጠባቂ መሆኑን በ1947 እ.ኤ.አ. ገደማ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻ የተገኙት ጥቅልሎች ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹ በሸክላ ማሰሮ ውስጥ 2,000 ዓመት ያህል ከርመዋል።

ሰውዬው ከተማዪቱ እንደምትወድቅ ያውቃል፤ ምድሪቱ ግን አንድ ቀን ዳግመኛ እንደምትሸጥና እንደምትለወጥ እግዚአብሔር ነግሮታል። ስለዚህ ተስፋውን በቃል ብቻ አልተወውም፤ በምስክር ፊት አጸናው። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ "በእኛ መካከል ወረቀት ምን ያደርጋል፤ እግዚአብሔር ያውቃል" ተባብለው ይለያያሉ። ከዓመታት በኋላ ልጆቻቸው ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። የእግዚአብሔርን ስም ለዝርክርክነት መሸፈኛ ማድረግ እምነት አይባልም። ኤርምያስ ያመነው ነገር ትልቅ ስለነበረ ወረቀቱን አጥብቆ ያዘ።

ከማኅተሙ በኋላ የመጣ ጥያቄ

የታሪኩ ቅደም ተከተል ልብ ሊባል ይገባዋል። አናምኤል እንደሚመጣ ቃል ወደ ኤርምያስ ቀድሞ መጥቶ ነበር። ሆኖም ነገሩ ከእግዚአብሔር መሆኑን ያወቀው አናምኤል በእርግጥ በመጣ ጊዜ እንደሆነ ራሱ ይናገራል። ነቢይም ቢሆን ያዳምጣል፣ ይጠብቃል፣ ያመሳክራል። ኢየሩሳሌም ከወደቀች በኋላ የተረፈው ሕዝብ ምክር ሲጠይቀውም መልስ እስኪሰጠው 10 ቀን ጠብቋል። በልባችን ብልጭ ያለውን ሁሉ "ጌታ ነገረኝ" ለማለት ለምንቸኩል ሰዎች ይህ ጥሩ ልጓም ነው።

ኤርምያስ ጥርጣሬውን ያወጣው ውሉን ለባሮክ ካስረከበ በኋላ ነው። ጸሎቱን ከሰማይና ከምድር መፈጠር ጀምሮ፣ ከግብፅ መውጣትን አስታውሶ፣ በመጨረሻ የጠላትን የአፈር ድልድል ያመለክታል፦ ከተማዪቱ ለባቢሎን ተሰጥታ ሳለ እርሻ ግዛ ትለኛለህን ማለቱ ነው። የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደርሶ ያለቀሰ ሰው ነውና ሐዘኑን ከአምላኩ አይደብቅም። የእኛ ልማድ ጥያቄያችን ካልተመለሰ እጃችንን አለመዘርጋት ነው። እርሱ ግን የታዘዘውን ፈጽሞ፣ ጥያቄውን ወዳዘዘው ይዞ ሄደ።

ጨርቁን ያሰበ ሰው

በዚያው ከበባ ወቅት አለቆች ኤርምያስን ውኃ በሌለበት፣ ጭቃ ብቻ ባለበት ጕድጓድ ጣሉት። ከእስራኤል ወገን ማንም አፉን ሳይከፍት፣ በንጉሡ ቤት የሚያገለግል ኢትዮጵያዊ፣ አቤሜሌክ፣ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ ነገሩ ክፉ መሆኑን ፊት ለፊት ነገረው። ፈቃድና 30 ሰዎች አገኘ።

ገመድ ብቻ ይዞ አልሄደም። ከግምጃ ቤቱ በታች አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ለቃቅሞ ወደ ጕድጓዱ አወረደና፣ ገመዱ እንዳይልጠው ከብብቱ በታች እንዲያደርገው ለነቢዩ ነገረው። ለሰው መድረስና ሳያቆስሉ ማውጣት ለየቅል ናቸው። ለተቸገረ ዘመድ ገንዘብ ስንሰጥ በሰው ፊት እናዋርደዋለን ወይስ በስውር እንሰጠዋለን? ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ ልዩነቱ ጨርቁ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አቤሜሌክ በለስ ይዞ 66 ዓመት ተኝቶ የኢየሩሳሌምን ጥፋት ሳያይ እንዳለፈ ይተረካል፤ ሲነቃም በለሱ ትኩስ ነበር።

128 ሰዎች

ኤርምያስ በዚያ እርሻ ሲያርስ መጽሐፍ ቅዱስ አያሳየንም። ከተማዪቱ ተቃጠለች፤ እርሱንም የተረፉት ሰዎች ወደ ግብፅ፣ ወደ ጣፍናስ ወሰዱት። በሰው ሒሳብ 17ቱ ሰቅል የጠፋ ገንዘብ ነው።

ዘመን አልፎ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ባቢሎንን ያዘ፤ በ538 ከክርስቶስ ልደት በፊት አይሁድ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ፈቀደ። መጽሐፈ ዕዝራ ተመላሾቹን በየመንደራቸው ይቆጥራል። በዝርዝሩ መካከል የዓናቶት ሰዎች አሉ፦ 128። ከእነርሱ መካከል ነቢዩን ሊገድሉት የዶለቱ ሰዎች የልጅ ልጆች ሳይኖሩ አይቀሩም።