በጃፓን የውጭ ሀገር እንግሊዝኛ መምህራን የሥራ ሳምንት
በጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሠሩ የውጭ ሀገር እንግሊዝኛ መምህራን "ረዳት የቋንቋ መምህራን" ይባላሉ። ከፊሎቹ የሚቀጠሩት እ.ኤ.አ. በ1987 በተጀመረው "ጄት" የተሰኘ የመንግሥት መርሐ ግብር አማካኝነት ነው።

ከ2020 ጀምሮ እንግሊዝኛ ለ5ኛና 6ኛ ክፍል መደበኛ የትምህርት ዓይነት ኾኗል፤ በዓመትም 70 ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት ሁለት ያህል፣ ይሰጣል። የ3ኛና 4ኛ ክፍል ድርሻ የዚህ ግማሽ ነው። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ይወስዳል።

ክፍለ ጊዜው ጥቂት በመኾኑ ብዙ ረዳት መምህራን ሳምንቱን በተለያዩ ትምህርት ቤቶች እየተዘዋወሩ ያሳልፋሉ። ትምህርቱን የመምራትና ውጤት የመስጠት ኀላፊነት ግን የጃፓናዊው መምህር ነው። ስለዚህ ሁለቱ አስቀድመው መመካከር ይኖርባቸዋል፤ ለተዘዋዋሪው መምህር የሚያጥረውም ይኸው የመመካከሪያ ጊዜ ነው።