ፕሮግራመሮች ኤዲተራቸውን ለምን አይቀይሩም?

#ድሬዳዋ

ኮድ የሚጽፍ ጓደኛ ካላችሁ አንዴ «ኤዲተርህን ቀይር» በሉትና ፊቱን እዩት። ክለብ ቀይር የተባለ ነው የሚመስለው። ኤዲተር ማለት ኮድ የሚጻፍበት አፕ ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም። ታዲያ ይሄ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ?

ዋናው ምክንያት ጣት ነው። ከዚራ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ገብታችሁ ፓወር ግዕዝ ለለመደች ጸሐፊ ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ ስጧት፤ እንደ ጀማሪ ፊደል ፍለጋ ትገባለች። ፕሮግራመርም እንደዛው ነው። እጁ የለመደውን ሾርትከት እያሰበ አይደለም የሚጫነው።

የሚገርመው ልማዱ አንዳንዴ ከድሮ ችግር የመጣ መሆኑ ነው። ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ «ቪአይ» የሚባለውን ኤዲተር ሲጽፍ ይጠቀም የነበረው በሰከንድ 30 ፊደል ገደማ የሚያስተላልፍ ሞደም ነበር። አንድ ስክሪን ጽሑፍ ለመምጣት ደቂቃ ይፈጃል። (ኔትወርክ ቀርፋፋ ነው ብላችሁ የምታማርሩ፣ ሰማችሁ?) ስለዚህ ትዕዛዞቹን በጣም አጭር አደረጋቸው፤ መስመር ለማጥፋት «ዲ»ን ሁለቴ መጫን በቃ። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ቪም» ይሄንኑ ወረሰ። ሞደሙ ድሮ ቀርቷል፣ ትዕዛዙ ግን እስከዛሬ በሰው ጣት ላይ አለ።

አሁን ገበያውን የያዘው ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቪኤስ ኮድ ነው። በ2024ቱ የስታክ ኦቨርፍሎው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ70 በመቶ በላይ መላሾች እሱን እንደሚጠቀሙ ተናግረዋል። ነፃ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ ብዙ ነው፣ የዩቲዩብ አስተማሪውም ጎናችሁ ያለው ልጅም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ስትቸገሩ የምትጠይቁት ሰው አታጡም ማለት ነው፤ በኔ እይታ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው።

ችግሩ ምንድነው? ቪኤስ ኮድ ውስጡ የክሮምን ሞተር ተሸክሞ ነው የሚሠራው። ከታይዋን የተገዛ ባለ 4 ጊጋ ራም ላፕቶፕ ላይ፣ ክሮምም ተከፍቶ፣ በድሬ የቀን ሙቀት፣ ማሽኑ ይጨነቃል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ካላችሁ ኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ወይም ቪም ብዙ ይቀለዋል። የ5 ሚሊዮን ኮደርስን ስልጠና በስልክ የምትከታተሉ ደግሞ፣ አንድሮይድ ላይ ኤኮድ አለ፤ ለፓይተን ፓይድሮይድ 3 ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ የያዛችሁት ስለሚጣበቅባችሁ ምርጫችሁ ማሽናችሁን ያገናዘበ ይሁን።

ብቻ አንድ ቀን ሰርቨር ላይ ሥራ ከገባችሁ ቪአይ ወይም ቪም መጠበቁ አይቀርም። «ከቪም እንዴት ነው የሚወጣው?» የሚለው ጥያቄ እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል። መልሱን ከአሁኑ ያዙት፦ ኤስኬፕ፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብ (:)፣ «ኪው»፣ ቃለ አጋኖ (!)፣ ኤንተር። የጻፋችሁት እንዲቀመጥ ከፈለጋችሁ በ«ኪው»ና በቃለ አጋኖው ፈንታ «ደብሊው» እና «ኪው»።