የፎገራ ነጥቦች በየትኛው ፋይል ይቀመጡ?

ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይለብሳል። ያኔ የእጅ ፓምፑ፣ ጤና ኬላውና ከብት የሚሸሽበት ጉብታ የት እንዳለ ማወቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ማንም እንዲያስረዳው አይፈልግም። ነጥቦቹን የሚይዘው ጂፒኤስ ያረጃል፣ ይጠፋል፤ ፋይሉ ግን በደንብ ከተመረጠ ይቆያል። አመራረጡ በየጊዜው ተለዋውጧል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

እስከ 2000 ድረስ ለሲቪሎች የሚለቀቀው ሲግናል ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ ሲቆም የእጅ ጂፒኤስ ለመስክ ሥራ በቃ። ነጥቡ ግን ደብተር ላይ ነበር የሚሰፍረው፤ ዩቲኤም ዞን 37፣ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ሰሜን ይህን ያህል እየተባለ። የአገራችን የቆዩ የቶፖግራፊ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የመጋጠሚያ ቁጥሮቹ መነሻ) የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤስ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። ፎገራ ላይ የሁለቱ የዩቲኤም ቁጥሮች ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ። ዳተሙ ካልተጻፈ የውሃ ጉድጓዱ ሩዝ ማሳ መሀል ይገኛል።

በ2002 ጂፒኤክስ የተባለው የጂፒኤስ ነጥብ ፋይል ቅርጽ መጣ፤ ዛሬም የምንሠራበት 1.1 እትም በ2004 ወጣ። እኔ ለዋናው መዝገብ የምመርጠው ይህን ነው። ዳተሙ አንድ ብቻ ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስም እያንዳንዳቸው ስማቸው ተጽፎባቸው ስለሚቀመጡ ቦታ አይለዋወጡም።

ኬኤምኤል የተባለው ቅርጽ በጉግል ኧርዝ ተስፋፍቶ በ2008 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ። ለስብሰባ ካርታ ማሳያነት ያምራል፤ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። በ2016 ደረጃው የጸደቀው ጂኦጄሰንም እንደዚያው ነው።

የሠንጠረዥ ፋይል የሆነውን ሲኤስቪን ሁሉም ይወደዋል፤ በኤክሴል ይከፈታላ። ብዙ ነጥብ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ኬክሮሷ 11.92፣ ኬንትሮሷ 37.70 ገደማ ነው። እኛ ኬክሮስን አስቀድመን መጻፍ ለምደናል፤ የጋርሚን ነጥብ መጫኛ ደግሞ መጀመሪያ ኬንትሮስን ይፈልጋል። ዓምዶቹ ከተገላበጡ ወረታ ከሲሲሊ በስተ ምዕራብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ትወድቃለች! በዩቲኤፍ 8 ካልተቀመጠ ደግሞ የአማርኛው ስም የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ስልኩም መሣሪያ ሆኗል። ኦስምአንድም ኦርጋኒክ ማፕስም ጂፒኤክስን ይከፍታሉ፤ ወደ ሌላ ቅርጽ ጂፒኤስባቤል የተባለው ፕሮግራም ይለውጠዋል። ከቅርጹ እኩል የሚያሳስበኝ ስሙ ነው። መሣሪያው በራሱ «001»፣ «002» እያለ ይሰይማል፤ ከዓመታት በኋላ 014 ምን እንደነበር የሚያስታውስ አይኖርም። በላቲን ሲጻፍ ደግሞ ወረታ ራሷ ሁለት ሦስት ዓይነት ስለምትሆን በፍለጋ አትገኝም። ጂፒኤክስ ለስምም፣ ለማብራሪያም፣ ለቀንም ቦታ አለው። እዚያው ፓምፑ አጠገብ ቆሞ፣ በፊደላችን፣ «ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የእጅ ፓምፕ፤ ሲሞላ መግቢያው በምሥራቅ በኩል ነው» ብሎ መጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።